የሊኑክስ ዴስክቶፕ መመሪያ ለምትጽፉ፦ እባካችሁ ከችግሩ ጀምሩ

ይድረስ፦ ለጀማሪዎች የሚሆን አዲስ የሊኑክስ ዴስክቶፕ መመሪያ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ ጸሐፊዎች፣ አርታኢዎችና በጎ ፈቃደኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ መጽሐፉ ነገር ለተበላሸበት ሰው ታስቦ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በቅድሚያ ላመስግን። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስሙ ይነሳለታል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ግን አመስጋኝ የለውም። መመሪያው ሲሠራ ሁሉም ዝም ይላል፤ አንዲት መስመር ስትሳሳት አገር ይጮኻል። እኔም ልጮህ ነው የመጣሁት፤ ለክፋት ግን አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ከተፈቀዱት መካከል መሆን አለበት። ገና ብዙ ሊያገለግል የሚችል ላፕቶፕ ይዞ "ያንተ አይሆንም" የተባለ ሰው ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ መካከል በዊንዶውስ ፋንታ ወደ ሊኑክስ፣ ማለትም ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ዴቢያን ወደሚባሉት ዓይነቶቹ (ዲስትሮዎቹ) ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ኮዱ ክፍት መሆኑ አያስጨንቃቸውም። ስለ ከርነል (ስለ ሥርዓቱ እምብርት) የማወቅ ጉጉትም የላቸውም። ላፕቶፓቸው እንዲሠራላቸው ብቻ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ አንባቢያችሁ ይሄ ሰው ነው። መጽሐፋችሁን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። የሚከፍተው ስክሪኑ ሲጠቁርበት፣ ዋይፋዩ እምቢ ሲለው፣ ፋይሉ ያለበት ሲጠፋው ነው። ልቡ እየመታ፣ አንድ እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ያነባል። መጽሐፉ ለዚያች ሰዓት ይጻፍ። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

አብዛኛው የጀማሪ መመሪያ በታሪክ ይጀምራል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት የተነሳውን የግኑን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከርነሉን ለዓለም አስተዋወቀ። ቀጥሎ ስለ ነጻነት አንድ ምዕራፍ ይመጣል። ከዚያ የዴስክቶፑ ጉብኝት፤ ይሄ ፓነል ነው፣ ያ ሜኑ ነው፣ እዚህ ጋ ሲነካ ቀለሙ ይቀየራል። ታሪኩን እኔም እወደዋለሁ። መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ላፕቶፑ ሠርቶለት እፎይ ያለ ሰው ተረጋግቶ ያነበዋል።

ታዲያ በምን ይጀመር? ፋይል እንዳይጠፋ በማድረግ።

የኡቡንቱን መጫኛ አስቡት። እዚያ ከሚመጡት ገጾች በአንዱ ላይ ምርጫዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ሊኑክሱን ከዊንዶውስ ጎን ይጭነዋል። ሌላው ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ ይጭነዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክሊክ ነው። ባክአፕ ሳይኖረው ሁለተኛውን የመረጠ ሰው የዓመታት ፎቶውንና ሰነዱን ሊሰናበት ይችላል። ብዙ መመሪያ ግን ይህችን ገጽ "የሚስማማዎትን ይምረጡ" ብሎ ያልፋታል። ጀማሪ የሚስማማውን በምን ያውቃል? ማስጠንቀቂያው ራሱ ከትዕዛዙ በኋላ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ከገጹ ግርጌ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ሰውየው እሱ ጋ ሲደርስ በተኑን ተጭኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለዚህች ገጽ ሁለት ሙሉ ገጽ ስጧት። ዲስኩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ምን እንደሆነ አሳዩ። ምርጫው የትኛውን እንደሚነካ፣ የትኛው በተን ከተነካ በኋላ መመለሻ እንደሌለ በደማቁ ጻፉ። ከእሷ በፊት ደግሞ የባክአፕ ምዕራፍ ይግባ። ፋይሉን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ ማድረግ የሥራው ግማሽ ነው፤ ኮፒውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት ቀሪው ግማሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

እዚያው አካባቢ ጸሐፊዎች የሚዘሏቸው ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ ነው። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ባለቤቱ ልብ ሳይል ዲስካቸው ይመሰጠራል። የቡት ሴቲንግ ሲነካካ ዊንዶውስ ነገሩ አልጥም ይለውና 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አንባቢው የሊኑክስ መጫኛውን ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት አውጥቶ ወረቀት ላይ እንዲገለብጠው ንገሩት። ሁለተኛው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ "ሹት ዳውን" ቢባልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከፊሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ የዊንዶውስ ፓርቲሽን ከሊኑክስ በኩል ሲከፈት ማንበብ ብቻ ሊፈቅድ ይችላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። ጀማሪው "ሊኑክስ ፋይሌን ቆለፈብኝ" ይላል። በአንድ አንቀጽ የሚፈታ ነገር ነው፤ ወደ ዊንዶውስ ተመለስ፣ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ፣ እንደገና ዝጋ።

ሊኑክሱ ራሱ ሲጫን ዲስኩን ልመስጥር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ነገር ነው፤ በተለይ ለላፕቶፕ። ነገር ግን ያ ፓስወርድ ከተረሳ "ፓስወርድ ረሳሁ" የሚል ሊንክ የለም። መጠባበቂያ ቁልፍ ካልተያዘ ዳታው ሄደ ማለት ነው። ከላቲን ውጭ በሆነ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ፓስወርድ የሚጠይቀው ስክሪን ላይ ያለው የኪቦርድ አቀማመጥ፣ በኋላ ዴስክቶፑ ላይ ከሚያገኘው ሊለይ ይችላል። በትክክል እየጻፈ "ተሳስተሃል" ይባላል። ይሄን የሚናገር የጀማሪ መመሪያ ምነው በኖረ!

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላንሳ። የዩኒክስ (የሊኑክስ አርአያ የሆነው ሥርዓት) የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፤ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው ያዘጋጁት። ትዕዛዞቹ በተመሳሳይ ርዕሶች ይብራራሉ። ስሙ፣ አጻጻፉ፣ ሥራው እያለ ይሄድና ወደ መጨረሻው አካባቢ "ጉድለቶች" የሚል ርዕስ ይመጣል። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው፣ እዚህ ጋ እንከን አለበት ብለው በገዛ መጽሐፋቸው ይጽፉ ነበር። ያ ልማድ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) በሚነበቡት፣ "man" በሚባሉት የመመሪያ ገጾች ላይ እስከ ዛሬ አለ። ለጀማሪ በሚጻፉት ባለ ቀለም መጽሐፎች ላይ ግን ብርቅ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር "ቀላል" ነው፤ ሁሉም ነገር "በጥቂት ክሊክ" ያልቃል። ቀላል የተባለው ነገር ያቃተው ሰው ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ላይ ይለጥፋል፤ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ "ሲበላሽ" የሚል ርዕስ ይኑረው። ስለ ፕሪንተር ጻፋችሁ? ፕሪንተሩ ካልታየ ምን እንደሚደረግ ጨምሩ። ስለ ድምፅ ጻፋችሁ? ድምፁ በስፒከር ፋንታ ወደ ሞኒተር ኬብል ሲሄድ የት ገብቶ እንደሚቀየር አሳዩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አንባቢው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ወደ ተርሚናል ልምጣ፤ ትልቁ ጣጣ እዚያ ነው። ጀማሪው በሱዶ የሚጀምር፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚጠይቅ፣ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ይጽፋል። ፓስወርድ ይጠየቃል። መጻፍ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ጠቋሚዋ እንኳ ንቅንቅ አትልም። ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ከመጀመሪያ ደግሞ ይጽፈዋል፤ አሁን ፓስወርዱ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ገብቷል። ኢንተር ሲል "ይቅርታ፣ እንደገና ሞክር" ይባላል። ይህ የሚሆነው ሱዶ በብዙ ስሪቶች ላይ ፓስወርዱን ሆን ብሎ ስለሚደብቅ ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው ርዝመቱን እንኳ እንዳይቆጥር። "የምትጽፈው አይታይህም፣ ግን እየገባ ነው፤ ጽፈህ ኢንተር በል" የሚል አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ሊኑክስ ሚንት ላይ ደግሞ ኮከቦቹ ይታያሉ። ያንንም ጻፉ፤ አለዚያ የሚንቱ ተጠቃሚ "የኔ ለምን ታየ?" ብሎ ይጨነቃል።

ኮፒ ፔስትም እንዲሁ። ሰው ዕድሜ ልኩን ኮንትሮልና ሲ ሲጫን ኮፒ ይደረግለታል። ተርሚናል ላይ ግን እየሠራ ያለውን ትዕዛዝ ያቋርጥበታል። ኮፒውም ፔስቱም ሺፍት ይጨመርበታል። ትንሽ ነገር ናት። ግን አፕዴት እየተጫነ እያለ ጽሑፍ ኮፒ ለማድረግ ብሎ አፕዴቱን የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትንሽ አይደለም።

ትዕዛዝ ስትጽፉ ቃል በቃል ፍቱት። ይሄኛው ቃል የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሰጣል፣ ይሄኛው ፕሮግራሙን ይጠራል፣ ይሄኛው ምን እንደሚጫን ይናገራል። ከሥሩም እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። መመለሻ ከሌለው "መመለሻ የለውም" በሉ። ይሄ ካልተደረገ ሰው የማያውቀውን ትዕዛዝ ዐይኑን ጨፍኖ መለጠፍ ይለምዳል። አንድ ፋይል አልከፈትም ሲለው ከአንዱ ቦታ ያገኛትን የ777 ትዕዛዝ ፎልደሩ ላይ በሙሉ ይለቅባታል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን ማንኛውም የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ እንዲያነበው፣ እንዲቀይረውና እንዲያስኬደው ፈቀደ ማለት ነው። የሲስተም ፎልደር ላይ ካደረገው ደግሞ ሱዶ ራሱ አልሠራም ሊለው ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ስሪትን በተመለከተ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሽፋኑ ላይ የትኛው ዲስትሮ፣ የትኛው ስሪት እንደሆነ በትልቁ ጻፉ። የኡቡንቱ ቁጥር ራሱ ቀን ነው፤ 24.04 ማለት በ2024 አፕሪል የወጣው ነው። የመጀመሪያው 4.10 ነበር፤ ኦክቶበር 2004። በየሁለት ዓመቱ አፕሪል ላይ የሚወጣው የረጅም ጊዜ ስሪት አምስት ዓመት መደበኛ የደህንነት አፕዴት ያገኛል። በመሃል የሚወጡት የሚያገኙት ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ለዘጠኝ ወሩ ስሪት መጽሐፍ መጻፍ ድካም ማባከን ነው፤ ታርሞ እስኪወጣ ጊዜው ያልፋል። ኡቡንቱ በ11.04 ላይ ዩኒቲ የተባለውን ዴስክቶፕ ዋና አደረገ። በ17.10 ላይ ደግሞ ትቶት ወደ ኖም ተመለሰ። በመሃል የተጻፉት መጽሐፎች ላይ ያሉት ፎቶዎች ከአዲሱ ስክሪን ጋር መገጣጠም አቆሙ። ጀማሪው ግን መጽሐፉ እንዳረጀ በምን ያውቃል? ፎቶው ላይ ያለችውን በተን ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ፎቶ ቀንሱ። በተኗ ያለችበትን በቃል ንገሩት፣ ስሟንም ስክሪኑ ላይ እንዳለ ጻፉት።

ፎቶ መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው። ማየት የተሳነው ተጠቃሚ ፎቶውን አያነብም። ኖም ላይ ኦርካ የሚባል ስክሪን አንባቢ አለ፤ አልት፣ ሱፐር እና ኤስ አብረው ሲጫኑ ይነሳል። ይህች መስመር የመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን ይገባታል፤ የምትጠቅመው ሰው ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ካለች እንዴት አድርጎ ይደርስባታል?

ፕሮግራም ስለመጫን ረጅም አልሄድም። ዴብ፣ ስናፕ፣ ፍላትፓክ የሚባሉ መንገዶች አሉ። ልዩነታቸውን በግማሽ ገጽ ንገሩትና አንዱን ምረጡለት። ፋየርፎክስ በኡቡንቱ ከ21.10 ጀምሮ በስናፕ ነው የሚመጣው፤ ሚንት ደግሞ ስናፕን ሳይጨምር ነው የሚመጣው። ክርክሩን ለአዋቂዎቹ ተዉት።

ስለ ኢንተርኔት ግን ዝም አልልም። "ለበለጠ መረጃ ድረ ገጻችንን ይጎብኙ" የሚል መመሪያ ዋይፋዩ ለማይሠራ ሰው ሹፈት ነው። መጽሐፉ ሙሉውን ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ይሁን፤ ስልክ ላይም በደንብ ይከፈት። ስልኩ መውጫውም ሊሆን ይችላል። በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ሲያበራ፣ ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጫንበት እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። በዚያ በኩል የጎደለውን የዋይፋይ ድራይቨር ያወርዳል። ዴቢያንን የሚጭን ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ዋይፋይ የሚያስነሱት ፈርምዌሮች (መሣሪያው ራሱ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ብዙዎቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ስላልሆኑ ከዋናው መጫኛ ውጭ ነበሩ። ከዴቢያን 12፣ ማለትም ከጁን 2023 ወዲህ፣ መጫኛው ውስጥ ገብተዋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ የሚከተል ሰው ዛሬ የማያስፈልግ ድካም ይደክማል።

መጫኛውን ካወረዱ በኋላ ቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳይ ቁጥር) አመሳክሩ የሚለውን ምክር ሁሉም መመሪያ ይጽፋል፤ ለምን እንደሆነ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የሚወርደው ፋይል ሰርጎ ገብ የሚገባበት ድብቅ በር ባለው ሌላ ፋይል ተተክቶ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ማመሳከሩ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ድረ ገጹ ራሱ ከተሰበረ እዚያው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሊቀየር እንደሚችል፣ የአዘጋጆቹ ዲጂታል ፊርማ የሚያስፈልገውም ለዚህ እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት።

የማይሠራውንም ሳትሸሽጉ ንገሩት። ማይክሮሶፍት ኦፊስና ፎቶሾፕ ለሊኑክስ ተብለው አልተሠሩም። ከርነል ድረስ የሚገባ ፀረ ማጭበርበሪያ ያላቸው አንዳንድ ጨዋታዎችም አይከፈቱም። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ወይ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ያቆያል፣ ወይ ጭራሽ አይጭንም። ሁለቱም ይሻላሉ፤ ጭኖ ተናዶ ከሚያጠፋ። ሊብሬኦፊስ ላይ ሰነዱ ሲከፈት የተዛባበት ሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ከመውቀሱ በፊት ፎንቱን ይመልከት። ካሊብሪና ካምብሪያ ከሌሉ በምትካቸው ሌላ ፎንት ይገባል፤ መስመሩ ይረዝማል፤ ሠንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ካርሊቶና ካላዴአ የተባሉት ነጻ ፎንቶች የፊደላቸው ስፋት ከእነዚያ ጋር እኩል ተደርጎ የተሠራ ነው። እነሱን ሲጭን ብዙው መዛባት ይስተካከላል። የዚህ ዓይነቷ አንቀጽ አሥር ገጽ የዴስክቶፕ ጉብኝት ታስንቃለች።

አንዲት ገጽ ደግሞ ተለይታ ለማተሚያ ትዘጋጅ። "ኮምፒውተሩ ካልተነሳ" ትባል። ከአፕዴት በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ የቀረበት ሰው ኮምፒውተሩን ሲያስነሳ ሺፍትን ይዞ ይቆይ፤ አዲስ ማሽን ከሆነ ኢስኬፕን ይጫን። ኮምፒውተሩ በምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት የግረብ ሜኑ ይመጣል። ተጨማሪ አማራጮች የሚለው ውስጥ ገብቶ የቆየውን ከርነል ይምረጥ። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀደመውን ወዲያው አያጠፋም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በእሱ ይነሳል። ዴስክቶፑ ብቻ ደርቆ ከቀረ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 ሲጫኑ የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል። ይህም ሁሉ ካልሆነ የመጫኛው ፍላሽ አለ። ከፍላሹ አስነስቶ፣ ምንም ሳይጭን፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይችላል። ስለዚህ ሊኑክሱን ከጫነ በኋላ ፍላሹን ፎርማት እንዳያደርገው ንገሩት።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈቃድ ነው። መጽሐፉን የሚያስፋፉና የሚያርሙ ሰዎች ካልተፈቀደላቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ያረጃል። ስቶልማን ነጻ ሶፍትዌር ነጻ መመሪያ ያስፈልገዋል ብሎ ሲከራከር ኖሯል፤ የግኑ የሰነድ ፈቃድም በ2000 የወጣው ለዚሁ ነበር። ያ ፈቃድ ግን "የማይነኩ ክፍሎች" እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ዴቢያኖች በ2006 ድምፅ ሰጥተው፣ እንዲህ ያለ የማይነካ ክፍል የሌለባቸውን ሰነዶች ብቻ ነጻ ናቸው ብለው ተቀበሉ። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የማይነካ ገጽ አይኑራችሁ። ኡቡንቱ ለሰነዶቹ የተጠቀመበት ክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ምንጭ ጠቅሶ በዚያው ፈቃድ ማካፈልን የሚጠይቀው ዓይነት፣ ይበቃል። ያኔ ሌላው ወደ ቋንቋው ይመልሰዋል፣ ሌላው ለአዲሱ ስሪት ያድሰዋል፤ የእናንተን ፈቃድ ሲጠብቅ አይኖርም።

ረቂቁ ሲያልቅ ሊኑክስ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ስጡት። ባክአፕ ያለው፣ ቢጠፋ የማይጎዳበት ላፕቶፕ ይሁን። ከጎኑ ተቀመጡ፤ አፋችሁን ግን ዝጉ። "እሱን አይደለም፣ ያኛውን" ማለት የለም። የቆመበትን ገጽ፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን፣ ቁጣ የታየበትን ብቻ መዝግቡ። ከዚያ እነዚያን ገጾች እንደ አዲስ ጻፉና ለሌላ ሰው ስጡ። ረቂቁን ለሕዝብ ክፍት ካደረጋችሁት እኔም የመጫኛውን ምዕራፍና "ኮምፒውተሩ ካልተነሳ" የምትለዋን ገጽ መስመር በመስመር ሞክሬ አስተያየቴን እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ